ቡና ሲረክስ ሥራ የፈታችው ነገረ ፈጅ

ወርቅውሃ ጣሰው በዕድሜዋ ሥራ ፈልጋ አታውቅም ነበር። ከዩኒቨርሲቲ በሕግ ስትመረቅ ደርግ ጅማ ወዳለ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መድቦ ላካት። ደርግ ወድቆ የግል ነጋዴው እንደልቡ ቡና ወደ ውጭ መላክ ሲጀምር ደግሞ የአጋሮው ነጋዴ ሐጂ አብዱልፈታሕ ራሳቸው ቢሮዋ ድረስ መጥተው «ነገረ ፈጅ ሁኚልኝ» ብለው ወሰዷት። ከዚያ ወዲህ የሐጂን ውል የምትጽፈው እሷ፣ ሐጂን ወክላ ከመድን ድርጅትና ከማመላለሻ ባለቤቶች ጋር የምትሟገተው እሷ ነበረች። ቁመቷ አጭር፣ ድምጿ ወፈር ያለ፣ ሰው ሲያናግራት አንገቷን ወደ ግራ ዘንበል አድርጋ የምትሰማ ሴት ናት። አግብታ ፈትታለች፤ ልጅ አልወለደችም። በጅማ ከተማ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር ውስጥ፣ አባቷ በደህናው ዘመን ባሠሩት ቤት ከአባቷ ጋር ትኖራለች። ገበያ ስትወጣ ነጋዴው «ጠበቃዋ መጣች» እያለ መንገድ ይለቅላት ነበር።

የቡና ዋጋ መውረድ የጀመረ ጊዜ ማንም አልደነገጠም። ቡና ይወርዳል፣ ይወጣል፤ የጅማ ሰው ለዚህ አዲስ አይደለም። በዓመቱ ግን ራዲዮኑ ስለ ብራዚልና ስለ ቬትናም ማውራት አበዛ። ቬትናም ቡና ታበቅላለች ሲባል ብዙው የአጋሮ ነጋዴ መጀመሪያ ሳቀ፤ ከጦርነቷ በቀር ስለሷ ሰምቶ አያውቅማ። ዘጠና አራት ዓመተ ምሕረት ሲገባ የሚስቅ ሰው አልቀረም። ጅማ ያለው የሐጂ መጋዘን ያለፈው ዓመት ቡና እንደተከመረበት አዲሱ ደረሰ። በመጀመሪያ ቡና የሚያበጥሩት ሴቶች ተሰናበቱ። ግቢው ውስጥ ሰብስባ የነገረቻቸው ወርቅውሃ ናት። «ቅነሳው ሕጋዊ ነው» አለቻቸው። ነበርም። ሴቶቹ ሰምተው፣ ነጠላቸውን አራግፈው ወጡ።

የእሷ ተራ የደረሰ ዕለት ሐጂ ቢሯቸው አስጠሯትና ወንበር ስበው አስቀመጧት። ያኔ ነው ነገሩ የገባት። ሐጂ ደግ ሰው ናቸው፤ ለሠራተኛ ወንበር ሲስቡ ግን ታይተው አያውቁም።

«ወርቅውሃ እቴ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከመስኮቱ ሳይነቅሉ፣ «መጋዘኑን አንቺ ታውቂዋለሽ። ጌራ ላይ ገበሬው ቡናውን እየነቀለ ጫት እየተከለ ነው አሉኝ። እኔ ከእንግዲህ ከማን ጋር ልዋዋል? አንቺስ ለማን ትጽፊያለሽ?»

«ገብቶኛል ሐጂ።»

«ወላሂ፣ ልጄን ያሰናበትኩ ያህል ነው።»

«ገብቶኛል አልኩዎ እኮ» አለች። ድምጿ እንዳሰበችው ስላልወጣላት ብድግ አለች። ሐጂም ተነሡ። እንደቆሙ «አላህ ያውቃል» አሉ፤ እሷም «አዎ» ብላ ወጣች።

ቤት ስትገባ አባቷ አቶ ጣሰው በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። አቶ ጣሰው ከሰላሌ በጎልማሳነታቸው መጥተው በጅማ ዙሪያ ባሉ ፍርድ ቤቶች ሬጅስትራር ሆነው ጡረታ እስኪወጡ የሠሩ ሰው ናቸው። አሁን ሰማንያን አልፈዋል። በጃንሆይ ጊዜ ስለነበረ አንድ የመሬት ክርክር ብትጠይቋቸው፣ የከሳሹንና የተከሳሹን ስም ከነአያታቸው ይነግሯችኋል፤ ምሳ ምን በሉ ቢባሉ ግን አያውቁትም። ሴት ልጃቸው የሕግ ሰው መሆኗ ከሁሉም በላይ የሚኮሩበት ነገር ነበር። እሳቸው ለዳኛ መዝገብ ሲያቀርቡ ኖረው፣ ልጃቸው ዳኛ ፊት ቆማ ትሟገታለች።

«ከሥራ ቀነሱኝ አባዬ» አለቻቸው። መደበቅ አልፈለገችም።

አቶ ጣሰው ከዘራቸውን ጨብጠው ቀጥ አሉ። «በምን ጥፋት?»

«ጥፋት የለም። ቡና ረክሶ ነው።»

«ቡና ቢረክስ ላንቺ ምንሽ ነው? አንቺ ነጋዴ ነሽ? አንቺ የሕግ ሰው ነሽ!» ብለው ተነሡ። «ጫማዬን አምጪ፣ ሄጄ አነጋግረዋለሁ» አሉ። ስንት ጊዜ ለምና አስቀመጠቻቸው። ያን ምሽት እህል አልቀመሱም።

በማግስቱ ጧት አቶ ጣሰው ፊታቸውን ታጥበው፣ ደህና ሆነው ወጡ። ወርቅውሃን የቤት ልብስ ለብሳ ሲያዩዋት ገረማቸው። «ምነው ወርቄ? ችሎት አይረፍድብሽም?»

ሌሊቱን ሁሉንም ረስተውታል። እንደገና ነገረቻቸው። እንደ አዲስ ደነገጡ፤ እንደ አዲስ «በምን ጥፋት?» አሉ፤ እንደ አዲስ ዓይናቸው እንባ ሞላ። በሦስተኛው ቀን ስትነግራቸው የያዙት ሻይ ጭናቸው ላይ ፈሰሰ። ከዚያ በኋላ አልነገረቻቸውም። አንድ ሰው አንዱን መርዶ ስንት ጊዜ ይረዳል? በየጧቱ ጃኬቷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ይዛ «ደህና ዋሉ አባዬ» ትላቸዋለች። እሳቸውም «ይቅናሽ» ይሏታል።

ጎረቤታቸው ፈድሊያ ቀኑን ብቅ እያለች ትጠብቃቸዋለች። ፈድሊያ ከቤቷ ደጃፍ ላይ ጫት የምትሸጥ፣ አፏ የማያርፍ፣ እጇ ግን ለሰው የሚፈጥን ሴት ናት። «አብሽሪ እቴ» ትላታለች ወርቅውሃን፣ «አባባን ለኔ ተዪልኝ። አንቺ ሥራሽን ፈልጊ። ኢንሻአላህ ዛሬ ይገኛል።»

አልተገኘም። ወርቅውሃ በአንድ ወር ውስጥ ሥራ እንደምታገኝ እርግጠኛ ነበረች። ግን ጅማ ውስጥ የማንኛውም ሥራ መጨረሻው ቡና መሆኑን ያስተዋለችው ያን ጊዜ ነው። ባንኩ ቡና ነው፣ ሆቴሉ ቡና ነው፣ ጋራዡ ቡና ነው። ሌሎቹ ላኪዎች የራሳቸውን ሰው እያሰናበቱ ነበር። ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ሻይ ቤት ውስጥ የምታውቃቸው ጠበቆች ከረፋድ ጀምረው ዳማ ይጫወታሉ፤ ስትገባ ወንበር ያቀርቡላታል፣ ስለ ፖለቲካ ያወራሉ፣ ስለ ሥራ አያነሡም። ከጅማ ወጣ ብላ ባለችው ደዶ የሥነ ዜጋ አስተማሪ ይፈለጋል ሲባል ሰምታ፣ በጭቃ መንገድ በጭነት መኪና ጋቢና ተሳፍራ ሄደች። ርዕሰ መምህሩ በአክብሮት ተቀብሎ፣ ማስረጃዋን አገላብጦ፣ «ለርስዎ የሚመጥን አይደለም» አላት። «እኔ ይመጥነኛል ካልኩስ?» ብትለው እውነቱን አወጣ። ቦታው ከዞን በተመደበ ሰው ተይዞ ነበር። ያችኑ መኪና ስትመለስ ጠብቃ ተሳፈረች።

ከሁሉም ተስፋ የጣለችበት ፍትሕ ጽሕፈት ቤቱ ነበር። የዐቃቤ ሕግ ክፍት ቦታ ወጥቷል። ቅጥሩን የያዘው ደግሞ ቱሉ ነው። ቱሉ ተማሪ ሳለ ለሥራ ልምምድ ሐጂ ዘንድ ተልኮ መጥቶ፣ አቤቱታ እንዴት እንደሚጀመር፣ ጭብጥ እንዴት እንደሚያዝ አጠገቧ አስቀምጣ ያሳየችው ልጅ ነበር። አሁን ክራቫት ያስራል፣ ራሱም መላጣ እየጀማመረው ነው። ስትገባ ከወንበሩ ተነሥቶ በሁለት እጁ ጨበጣት።

«አካም ጂርቱ፣ እትዬ ወርቅውሃ! አባባ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው። ማስታወቂያውን አይቼ ነው የመጣሁት ቱሉ።»

ቱሉ ተቀመጠ። እስክሪብቶውን አነሣ፣ መልሶ አኖረ። «እትዬ፣ የኛ ሥራ በሙሉ በኦሮምኛ ነው። ክሱም፣ መልሱም፣ ሁሉም። በቁቤ ነው የሚጻፈው።»

«እኔ እዚሁ ነው የተወለድኩት። ኦሮምኛ እናገራለሁ። አንተው ታውቃለህ።»

«ኤ፣ መናገሩንማ አውቃለሁ» አለ። «የጽሑፍ ፈተና አለው። ይፈተኑ፣ ምን ችግር አለ? ረኮ ሂንቀቡ።»

የጽሑፍ ፈተናው ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ወርቅውሃ ከፈድሊያ ልጆች የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል መጻሕፍት ተውሳ፣ በረንዳው ላይ ተቀምጣ በላቲን ፊደል የሚጻፈውን ቁቤ ለመደች። ማንበቡ አልከበዳትም። ኦሮምኛዋ ግን ከልጅነቷ ከገበያና ከጎረቤት ያገኘችው ኦሮምኛ ነው፤ ሰላምታውን፣ ቀልዱን፣ እርግማኑን፣ ሕፃን ማባበሉን ታውቅበታለች። «ይርጋ» ምን እንደሚባል፣ «የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ» እንዴት እንደሚጻፍ ግን የነገራት ሰው የለም። የዕድሜዋን እኩሌታ የኖረችባቸው ቃላት በሙሉ በአማርኛ ነው ራሷ ውስጥ ያሉት። አባቷ አጠገቧ ሆነው የሕፃናቱን መጽሐፍ ሥዕል ያያሉ። «የማን ልጅ መጽሐፍ ነው?» ይሏታል። «የጎረቤት» ትላቸዋለች።

የፈተናው ዕለት ልጆቿ ሊሆኑ በሚችሉ ወጣቶች መካከል ተቀመጠች። የስርቆት ጉዳይ ነበር፤ ክስ አዘጋጁ ነው የሚለው። ጉዳዩን አንብባ ወዲያው ገባት። የትኛው አንቀጽ እንደሚጠቀስ፣ ማስረጃው የት ላይ እንደሚሳሳ፣ ተከላካይ ጠበቃ ቢኖር በየት በኩል እንደሚመጣ ሁሉ ታያት። ከዚያ እስክሪብቶዋን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች፤ እጇ አልሄድ አለ። አንድ መስመር ጻፈች፣ ሰረዘች። ከጎኗ የተቀመጠችው ልጅ ወረቀት ጨምሩልኝ ብላ እጇን አወጣች። ወርቅውሃ እየጻፈች ባትሆንም ጎንበስ ብላ እንደሚጽፍ ሰው ሆና ቆየች፤ ሌላው ቢቀር ቀድማ መውጣቱ አሳፍሯታል።

ቱሉ ውጤቱን ሊነግራት ደጅ ድረስ ወጣ። ቢሮው ውስጥ ሊነግራት ያልፈለገው ሌሎቹ እንዳይሰሙ ይመስላል።

«እትዬ፣ ማሎ፣ አይቀየሙኝ።»

«ለምን እቀየምሃለሁ? የጻፍኩትን አይተኸዋል።»

«እርስዎ ያስተማሩኝን ነው እኔ ዛሬም የምሠራው። ባስገባዎ ደስ ባለኝ ነበር። ግን…» አለና እጁን ዘረጋ። እጁ ባዶ ነው። ለሱም ለሷም የሚሆን ነገር አልነበረበትም።

«ትክክል ነህ» አለችው። ያሳመማትም ይኸው ነበር። ቢበድላት ኖሮ ይግባኝ የምትልበትን ታውቃለች። አሠራሩን አልነቀፈችም፤ የሕዝቡ ፍርድ ቤት በሕዝቡ ቋንቋ መሥራቱ ተገቢ መሆኑን ቢጠይቋት ራሷ ትሟገትለት ነበር። እሷ ግን በዚህ ተገቢ ነገር ውስጥ ቦታ አልነበራትም።

ክረምቱ ሲቃረብ ዮኤል ደወለ። ዮኤል የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዋ ነው፤ አዲስ አበባ አንድ የመድን ኩባንያ ውስጥ የሕግ ክፍሉን ይመራል።

«ወርቄ፣ ሰው እንፈልጋለን። አለቆቼ ሰኞ ጧት ሊያነጋግሩሽ ነው። ስላንቺ ነግሬ ጨርሻለሁ፤ ብቻ ነይ።»

«ሰኞ?»

«ሰኞ። ሌላ የታሰበ ሰው አለ። ሰኞ ካልደረስሽ ለሱ ነው የሚሰጡት።»

ስልኩን ዘግታ ለፈድሊያ ነገረቻት። ፈድሊያ እኔ አለሁልሽ፣ ሂጂ አለቻት። ነገር ግን ባለፈው ሳምንት ፈድሊያ ዘወር ስትል አቶ ጣሰው ከግቢ ወጥተው፣ ከሰዓት በኋላ ከወንዙ ማዶ ነው የተገኙት። ደግሞስ ሥራው ቢገኝ ኑሮው አዲስ አበባ አይደለም? አንድ ቀን እሳቸውን መውሰዷ ላይቀር፣ አሁኑኑ አብረው ይሂዱ ብላ ቆረጠች። ፈድሊያ ዳቦ ጋገረችላቸው። አቶ ጣሰው ወዴት እንደሚሄዱ በጠየቁ ቁጥር «አዲስ አበባ» ስትላቸው፣ «ለይግባኝ ነው?» ይሉ ነበር። «አዎ፣ ለይግባኝ ነው» አለቻቸው በመጨረሻ።

ቅዳሜ ማለዳ ከመናኸሪያ ተነሡ። መንገዱን ሁሉ አቶ ጣሰው ጥሩ ነበሩ። በመስኮት እያዩ የወንዙን ስም፣ የሰፈሩን ስም ይነግሯት ነበር፤ እሷም ከወራት በኋላ ልቧ ቀለል አለላት። በሐሳቧ ዮኤል ቢሮ ገብታ ምን እንደምትል ታሰናዳ ጀመር።

ሰኮሩ ከተማ ላይ አውቶቡሱ ለቁርስ ቆመ። ምግብ ቤቱ ውስጥ አባቷን አስቀምጣ እጇን ልትታጠብ ሄደች። ቧንቧው ላይ ሰልፍ ነበር። ስትመለስ ወንበሩ ባዶ ነው።

መጀመሪያ ሽንት ቤት መስሏት ጠበቀች። ከዚያ አስተናጋጁን ጠየቀች፤ አላየም። አውቶቡሱ ውስጥ ገባች፤ የሉም። መንገዱን ወዲህ አየች፣ ወዲያ አየች፤ የቅዳሜ ገበያ ስለሆነ ሰውና አህያ ብቻ ነው። ሾፌሩ ክላክስ ነፋ። ተሳፋሪው ቁርሱን እያቋረጠ ገባ።

«ወንድሜ፣ አባቴ ጠፍተውብኛል፤ ትንሽ ጠብቀኝ!»

ሾፌሩ ጠበቃት። ጥሩ ሰው ነበር፤ ረዳቱን አብሮ ላከላት። ገበያውን ዞሩ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ሄዱ፣ መስጊዱ በር ላይ ያሉትን ጠየቁ። ተሳፋሪው ማጉረምረም ጀመረ። አንዲት ሴት ልጇ ሆስፒታል ተኝቶባት ነው የምትሄደው። ረዳቱ በሐዘን እያየ «እማማ፣ ምን እናድርግ?» አላት። ሻንጣዋን አውርዶ ከምግብ ቤቱ በር ላይ አኖረላት። አውቶቡሱ ወደ ጊቤ በረሃ ቁልቁለቱን ሲይዝ ጀርባውን እያየች ቆመች።

አቶ ጣሰውን ያገኘቻቸው አንዲት ፍየል የምትነዳ ሴት ባመለከተቻት መንገድ ሄዳ ነው። የወረዳው ፍርድ ቤት ግቢ ውስጥ፣ በተዘጋው የችሎት በር ፊት፣ ባለጉዳይ የሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። የኮታቸውን ቁልፍ እስከ ላይ ቆልፈዋል። ወገባቸው ቀጥ ብሏል። ከጡረታ ወዲህ እንዲህ ያለ ረጋ ያለ ፊት አይታባቸው አታውቅም።

ዘበኛው ከጠባቂ ቤቱ ወጣ። «የርስዎ ናቸው? ጃርሳው ሥራ ልገባ ነው አሉኝ። እንዴት ልከልክላቸው?»

ያኔ ትዝ አላት፤ እሷ ሳትወለድ በፊት አባቷ ሰኮሩ ሠርተዋል።

«አባዬ፣ እንሂድ» አለቻቸው፣ ቁና ቁና እየተነፈሰች።

አቶ ጣሰው አዩዋት። «ባለጉዳይ ነሽ?»

«እኔ ነኝ እኮ። ወርቅውሃ።»

«የማን ልጅ?»

«የጣሰው።»

«የትኛው ጣሰው?»

«የሬጅስትራሩ።»

አቶ ጣሰው ፊታቸው በፈገግታ በራ። «እኔ ነኛ!» አሉ። «እኔ ልጅ የለኝም ገና። ተቀመጪ ግድ የለም፤ ዳኛው ይመጣሉ።»

ተቀመጠች። ሌላ ምን ታደርጋለች? ዘበኛው ውኃ አምጥቶ ሰጣት። አባትና ልጅ የተዘጋ ችሎት ፊት ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ፀሐዩ ከእግራቸው ወደ ጉልበታቸው እስኪወጣ ቆዩ። ወርቅውሃ አላለቀሰችም። ዕድሜዋን ሙሉ ለሰው ነገር መፍትሔ ስትፈልግ የኖረች ሴት ናት። ለዚህ ምን መፍትሔ እንዳለው ብታስብ፣ ብታስብ፣ ሐሳቧ ከአንድ ቦታ አልንቀሳቀስ አላት።

ከሰዓት በኋላ አቶ ጣሰው ራባቸው፤ ሲርባቸው ልጃቸውን አወቋት። እጃቸውን ይዛ ወደ ዋናው መንገድ አወጣቻቸው። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ አንድ አውቶቡስ መጣ፤ ሁለት ቦታ አለው። ልታሳፍራቸው ስትሞክር በሩን በሁለት እጃቸው ይዘው «ወዴት ነው? ወዴት ነው የምትወስጂኝ?» እያሉ ጮኹ። ሰው ወጥቶ አየ። አንድ ጎልማሳ ከኋላ ሊገፋቸው ሲሞክር አቶ ጣሰው እንደ ሕፃን አለቀሱ። «ተወው፣ ተወው ወንድሜ» አለች ወርቅውሃ። አውቶቡሱ ሄደ።

አዲስ አበባን አሰበችው። እሷ ቢሮ ስትውል፣ አንድም የሚያውቁት ሰው በሌለበት ሰፈር፣ የሚያውቁት በር በሌለበት መንገድ፣ አባቷ ከዘራቸውን ይዘው ሲወጡ ታያት። ማን ነው በዚህ ሄዱ ብሎ የሚያመለክታት?

ወደ ጅማ የሚመለስ አይሱዙ ቆመ። ሾፌሩ ከጋቢናው አጎንብሶ «ጅማ፣ ጅማ ነኝ አባባ» ሲል አቶ ጣሰው ማንም ሳይደግፋቸው ወጥተው ተቀመጡ። ወርቅውሃ ሻንጣዋን ከኋላ ወርውራ ከጎናቸው ገባች። እንዲህ ነው የተወሰነው። ወሰንኩ ብላ ግን አታውቅም።

ሰኞ ለዮኤል ደወለችለት። ሁሉንም ነገረችው። «አንድ ሁለት ቀን ልለምንልሽ?» አላት። «አትለምን» አለችው። «ቢጠብቁኝም እኮ አባቴን ይዤ ነው የምመጣው።» ሳምንት ሳይሞላ ቦታው ተያዘ።

አቶ ጣሰው በነሐሴ ዝናብ ሳንባ ምች ይዟቸው ሞቱ። በመጨረሻው ሰሞን ሰው አይለዩም ነበር፤ ፈድሊያን እህቴ እያሉ ይጠሯት ነበር፤ እሷም «አቤት ወንድምዬ» ትላቸው ነበር። ለለቅሶው ሐጂ አብዱልፈታሕ ከአጋሮ መጡ። የጭነት መኪኖቻቸውን ሸጠዋል፤ ከስተዋል። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቧ ተቀምጠው «ቡናው ከተነሣ አንቺን ነው የምጠራው» አሏት። «እሺ ሐጂ» አለች። ሁለቱም ቡናው መቼ እንደሚነሣ አያውቁም። ቱሉም መጥቶ ከዕድሩ ሰዎች ጋር ወንበር ሲያነሣ፣ ውኃ ሲያቀርብ ዋለ።

አርባው ካለፈ በኋላ ወርቅውሃ ራሷ ለዮኤል ደወለች። አሁን የሚያስራት የለም፤ የትም መሄድ ትችላለች። ስልኩን ያነሣው ሌላ ሰው ነው። ኩባንያው ክፍሎቹን አጣምሮ ሰው ቀንሷል፤ አቶ ዮኤልም የሉም አላት። ቤቱ ደወለች። «እኔም እንዳንቺው ሆኛለሁ ወርቄ» አለና ሳቀ። ሳቁ ረጅም አልነበረም። ማጽናናት ፈለገች፤ ሐጂ ሲያሰናብቷት ካሏት የተሻለ ቃል ግን አልመጣላትም።

ቡናው የተነሣው ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ ያውም ቀስ እያለ። ሐጂ ቃላቸውን ሊጠብቁ ቢፈልጉም በዚያን ጊዜ ድርጅቱን የሚያስተዳድረው ልጃቸው ነበር፤ እሱም ጉዳዮቹን በሁለቱም ቋንቋ የሚጽፍ ወጣት ጠበቃ ቀጥሮ ነበር። ወርቅውሃ አልተቀየመችም። እሷም ብትሆን ያንን ወጣት ነበር የምትመርጠው።

በመሐሉ ግን ከተማዋ ውስጥ አንድ ትንሽ የግል ኮሌጅ ተከፍቶ ለሒሳብ ሠራተኝነት ለሚማሩ ልጆች የንግድ ሕግ በሰዓት የሚያስተምር ሰው ፈለገ። ቋሚ ቅጥር አይደለም፤ ተማሪ ሲያንስ ሰዓቱም ያንሳል፣ ክረምት ሲሆን የለም። ወሰደችው። ክፍሉ ቀድሞ የቡና መጋዘን የነበረ ነው፤ ዝናብ ሲጥል የቆርቆሮው ድምፅ ስለሚያይል ትምህርቱን አቋርጣ እስኪያባራ ትጠብቃለች።

አንድ እንዲህ ያለ ቀን፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ከፊት የተቀመጠች ናርዲ የምትባል ተማሪ ድምጿን ከፍ አድርጋ ጠየቀቻት።

«መምህር፣ ይሄን ስንጨርስ ሥራ እናገኛለን?»

ክፍሉ በሙሉ ወደሷ ዞረ። ወርቅውሃ አንገቷን እንደ ልማዷ ወደ ግራ ዘንበል አድርጋ ልጅቷን አየቻት። ከዳኛ ፊት ቆማ መልስ አጥታ አታውቅም ነበር።

«አላውቅም ናርዲ» አለቻት።

ልጅቷ የሰማች አትመስልም፤ ዝናቡ በርትቷል። ወርቅውሃ መልሱን አልደገመችውም። ጠመኔውን እንደያዘች በመስኮቱ በኩል ቀዩ ጎርፍ መንገዱን ሞልቶ ሲወርድ እያየች፣ እስኪያባራ ቆመች።